ጋሽ በላቸው ያጸዳው ባሕር

የጋሽ በላቸውን ሞት የነገረችኝ የማኅበር ጓደኛዬ አዜብ ናት። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፓርኪንግ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ምሳዬን እየበላሁ ነበር።

«ሰምተሻል? ጋሽ በላቸው አረፉ። ልባቸው ነው አሉ» አለችኝ።

ነፍስ ይማር ልል ፈለግኩ። አልወጣልኝም። የጎረስኩትን ሶፍት ላይ ተፋሁት።

«ምነው ዝም አልሽ? አሠሪሽ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበሩ።»

«እንግዲያው ለቅሶው ላይ እንገናኝ። ቤታቸው ሜፕልዉድ ነው አይደል?»

«አስብበታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እናቴ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ትል ነበር። እኔም ሙት መውቀስ አልወድም፤ የሆነውን ግን እናገራለሁ። አንቱታውን ብቻ ከእኔ አትጠብቁ። አብሬው ስሠራ ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምለው። አንድ ቀን ጠዋት ከአፌ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ አላነሳሁትም።

ሱቁ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ፣ በአንድ የጥፍር ማስዋቢያ ቤትና ታኮ በሚሸጥ በአንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት መካከል ነበር። መስኮቱ ላይ ፍሬም እንደሚሠራና አሮጌ ሥዕል እንደሚያድስ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እዚያ የገባሁት ወገቤን በታመምኩ ጊዜ ነው። አረጋውያኑን ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ ተበላሸና ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከለከለኝ። ጋሽ በላቸው ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ሰምቼ ሄድኩ።

«ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር የለም» አልኩት።

«የሚያውቅ ሰው አልፈልግም። የሚያይ ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ።

ሥዕል አዲስ አበባ ተምሮ፣ በስደት ሆላንድ ገብቶ፣ አምስተርዳም አንድ የሥዕል ማደሻ ቤት ወለል ሲጠርግ ቆይቶ ቀስ በቀስ ብሩሽ የጨበጠ ሰው ነው። ሚስቱ እዚያው ስትሞትበት፣ ሕፃን ልጁን ሊዲያን ይዞ እህቱ ወዳለችበት ወደ ሚኒሶታ መጣ። ረጅምና ቀጭን ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ንጹሕ። እጁን ያየ ሰው ቄስ ይለዋል።

አፉን ያየ ግን ሌላ ነው የሚለው። የመጀመሪያው ቀን፣ እዚህ አገር በየግሮሰሪው የሚሸጠውን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጥሬ ዓሣ ከጠርሙሱ በጣቱ እያወጣ በላ። ጣቱን ላሰ። ቀጥሎ ቀጭን እንጨት ላይ ጥጥ ጠቀለለና አፉ ውስጥ ከተተው። በምራቁ አርሶ ሲያበቃ ፊቱ የተዘረጋውን ሥዕል ማሸት ጀመረ። ጥጡ ቡናማ ሲሆን ጥሎ ሌላ ጎረሰ። ሱቁ በሙሉ ዓሣና የቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይሸታል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያጸዳሁ ነዋ።»

«በምራቅ?»

«ከምራቅ የተሻለ ነገር አልተገኘም። ለብ ያለ ነው፤ ቀለሙን አይነካም፤ ጥቀርሻውን ብቻ ይበላል። ትልልቆቹ ሙዚየሞችም የሚሠሩት እንደዚህ ነው። አትጸየፊ፤ ይለመዳል።»

እውነቱን ነበር፣ ሙያው እንደዚያ ነው። እኔ ግን አልለመድኩትም። ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲያቀርብልኝ የእሱን ስኒ ከእኔ ስኒ አርቄ ነበር የማጥበው።

ከሥዕል ሁሉ የሚወደው የሆላንዶችን የባሕር ሥዕል ነው። እዚህ ባሕር በሌለበት አገር የመርከብ ሥዕል ይበዛል። አንዲት አያት ትሞታለች፤ ልጆቿ ቤቱን ከነዕቃው ለሽያጭ ይከፍቱታል፤ ከምድር ቤት ጥቀርሻ የለበሰ መርከብ ይወጣል። አብዛኛው ቅጂ ነው። እሱ ግን ቅጂውንም ቢሆን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ነበር የሚቀበለው።

«መርከቡን አትዪ መጀመሪያ» ይለኛል። «ባንዲራውን እይ። ማን እንደከፈለ ይነግርሻል።»

ከሦስት አራት መቶ ዓመት በፊት የሆላንድ ነጋዴዎች አንድ መርከብ እንደ ዕቁብ ተካፍለው ይገዙ እንደነበር ነገረኝ። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ከአንዱ መርከብ ላይ ቁራሽ ድርሻ ነበረው አለ። ከሰሜን እህልና ግንድ፣ ከሩቅ ምሥራቅ ቁንዶ በርበሬ እያመጡ ሲከብሩ መርከባቸውን አሥለው ሳሎን ሰቀሉት። ሠዓሊዎቹም ለቤተ መንግሥት ሳይሆን ለገበያ ነበር የሚሥሉት፤ እንደ ድንች ገበያ ላይ ደርድረው ይሸጡት ነበር።

«ማዕበል ላይ ያለ መርከብ የሰቀለ ሰው ጸሎት ነው የሰቀለው። ጸጥ ያለ ባሕር የሰቀለ ትርፉን ነው የሰቀለው» ይላል። ቀጥሎ ድምፁ ይቀጥናል። «ሰማዩን ግን ተመልከቺ ትርሲት። ሰማዩን ማንም አልገዛውም።» ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ለማስመሰል አልነበረም፤ ብቻውን ሲሆንም አይቼዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሚኒያፖሊስ ወዳለ ሙዚየም ወሰደኝ። አንድ የመርከብ ሥዕል ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ቆመ። እኔም ቆምኩ። መጀመሪያ ያየሁት ግራጫ ብቻ ነበር። ቆይቶ ግራጫው ተከፈለ፤ ዕንቁ የመሰለ ግራጫ፣ እርጥብ አመድ የመሰለ ግራጫ፣ ዝናብ ሊወርድ ሲል የሚታየው የርግብ ክንፍ ዓይነት ግራጫ። ስንመለስ በመኪናው መስታወት ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ያለውን የኅዳር ሰማይ አየሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የሰለቸኝ ሰማይ ነው። የዚያን ዕለት አፌን ከፍቼ አየሁት።

ይህን ብክድ ውሸታም እሆናለሁ። ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። የሚያንገሸግሸኝም ይሄው ነው። ባለጌ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

የሙያው አንድ ሕግ ነበረው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ወደብ የሚያሳይ ሥዕል አመጣች፤ ጥግ ላይ አንድ መርከበኛ ሱሪውን አውርዶ ይጸዳዳል። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዱ ነበር። ሴትዮዋ ይጥፋልኝ አለች። ጋሽ በላቸው እየሳቀ በላዩ ላይ በርሜል ሣለበት።

«ሰውዬው ግን ከሥሩ አለ» አለኝ። «ይህ ቀለም በማስለቀቂያ መድኃኒት ይነሳል፤ የድሮው ሳይነካ ይወጣል። እኛ የምናደርገውን ሁሉ የሚቀጥለው ሰው መመለስ መቻል አለበት። ይህን ያልጠበቀ ሥዕል አዳሽ አይደለም፤ ሌባ ነው።»

ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያለው።

በጸደይ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ከከተማ ወጣ ብለው ሐይቅ ዳር ቤት የሠሩ፣ ፈገግታቸው የማያልቅ ሰዎች ናቸው። ባልየው ሥዕሉን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፎታል። ጋሽ በላቸው ብርድ ልብሱን ገለጠ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እውነተኛ ነው» አለኝ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

ሰማዩ ሰፊ ነው፤ የሥዕሉን አብዛኛውን ክፍል ይዟል። ከሥሩ አንድ ትልቅ መርከብ መልሕቁን ጥሎ ቆሟል፤ ሰላምታ ተኩሶ ነጭ ጭስ በጎኑ ተንሳፍፏል። ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ ነጭ ምሽግ ይታያል። የአፍሪካ ዳርቻ ነው አለ ጋሽ በላቸው። በቀኙ ጥግ አሸዋው ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ጥቋቁር ናቸው። አንገት ላንገት ታስረዋል። ዱላ የያዘ ሰው ከኋላ ወደ ጀልባ ይነዳቸዋል። ከመካከላቸው አንዲቱ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች።

«ሰማዩን በጣም ወድጄዋለሁ» አለች ሚስትየው። «የምግብ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው የምንሰቅለው። ይሄ ግን…» ጣቷን ወደ ጥጉ ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። «እንግዳ ይመጣብናል። ሁሉም ዓይነት ወዳጅ አለን። ሰው እየበላ ይህን ሲያይ… ማንንም ማስቀየም አንፈልግም።» ይህን ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ውለታ የዋለችልኝ ይመስል ፈገግ አለች።

«መሸፈን ይቻል ይሆን?» አለ ባልየው።

«ይቻላል» አለ ጋሽ በላቸው።

እንደወጡ ፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ፣ እንዴት ይቻላል ይላሉ?»

«ያን የሚጸዳዳውን ሰውዬ ሸፍነን የለ?»

«እሱ የሚጸዳዳ ሰውዬ ነው። እነዚህ ግን…»

«ይነሳል ትርሲት። የሚመጣው ሰው ያነሳዋል። ቃሌን አታውቂውም?»

ቃሉን አውቀው ነበር።

በማግስቱ ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ስመለስ ሥዕሉ ማቆሚያው ላይ ነበር። ጥጉ ባዶ ነው። ንጹሕ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ዛጎል፣ ወደ ላይ የተሳበ ባዶ ጀልባ። ሥራው እንከን የለውም።

ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቅርጫት በጥጥ ተሞልቷል። ቅርጫቱን መድፋት የእኔ ሥራ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የጥቀርሻ ቀለም አውቃለሁ፤ ቢጫ ያዘለ ቡናማ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። ጥልቅ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ትንሽ ቀይ። ከጎኑ ቀጭን ምላጭ ተቀምጧል። ምላጩ ላይ የቀለም ፍርፋሪ አለ።

ምላጩን አንስቼ አሳየሁት።

«አልሸፈኗቸውም» አልኩት። «ፋቋቸው።»

«ብሸፍናቸው ከሥር ይኖራሉ» አለ፤ ብሩሹን እየጠረገ ነበር። «ነገ አንዱ መብራት አብርቶ፣ መድኃኒት ነክሮ ያወጣቸዋል። አሁን ማንም ቢፈልግ የሚያገኘው የለም።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር።

«ማን አስገደደዎት? ሰዎቹ እንኳ ሸፍኑልን ነው ያሉት!»

«ሰማዩ አስገደደኝ።» እየቀለደ አልነበረም። «ተመልከቺው እስቲ። አሁን ተነፈሰ። እነዚያ ጥግ ላይ ቆመው ዓይን ይጎትቱ ነበር። ሰው ሰማዩን ሳይጠግብ እነሱ ላይ ይወድቅ ነበር። ደግሞ የሰማዩ ሠዓሊ የሣላቸው አይደሉም፤ ብሩሹ ይለያል። በዚያን ጊዜ ባሕር የሚሥለው ሌላ፣ ሰው የሚሥለው ሌላ ነበር። ቅጥረኛ ነው የጨመራቸው።»

«አንገታቸው የታሰረ ሰዎች ናቸው እኮ።»

«በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት እዚያ ቆመዋል። ማን መጥቶ ስለነሱ ጠየቀ?»

«እኔ እየጠየቅኩ ነው። እኛን ይመስላሉ።»

ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ያላየሁት ፊት ነው፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ የሚሸት ነገር ያቀረብኩለት ይመስል።

«እኛን አይመስሉም» አለ። «እኛ ሐበሻ ነን። ቀለም አይተሽ አታምታቺ። እኛ ተሸጠን አናውቅም።»

«ሸጠን ግን እናውቃለን» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «ሰዎቹ አሁን ይመጣሉ። ቅርጫቱን ድፊልኝ።»

ቅርጫቱን አየሁት። በዚያ ሁሉ ጥጥ ላይ ምራቁ አለ። ዓሣ በበላበት አፍ፣ አንድ በአንድ ጎርሶ፣ አንድ በአንድ አሽቶ ነው የጨረሳቸው። ምራቁ ያልቻለውን በመድኃኒት፣ መድኃኒቱ ያልቻለውን በምላጭ። ፊቷን ያዞረችውም እዚያ ውስጥ ናት፤ የትኛው ጥጥ ላይ እንዳለች ግን አይታወቅም። በላቸው። እናቱ ይህን ስም ስታወጣለት ሌላ ጠላት አስባ ይሆናል።

«ራስህ ድፋው» አልኩት።

አንቱታዬ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። እሱም ሰማው። ወዲያው በሩ ተከፈተና ባልና ሚስቱ ገቡ።

ሚስትየው ሥዕሉ ፊት ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንዴት ያምራል! እንዴት ጸጥ ይላል!» ቀረብ ብላ ጥጉን አየች፤ ግንባሯ ትንሽ ተኮማተረ። «እዚህ ጋ የሆነ ነገር አልነበረም?»

ረስታዋለች። ራሷ ለምና ያስጠፋችውን ረስታዋለች።

«ቆሻሻ ነበር እመቤቴ» አላት ጋሽ በላቸው፣ በዚያ በለዘበ እንግሊዝኛው። «አጸዳሁት።»

«ሰዎች ነበሩ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባልየው ጫማውን አየ። የሚስትየው ፈገግታ ጠፋና ቀስ ብሎ ተመልሶ ቦታውን ያዘ።

«አዎ፣ ልክ ነሽ፣ አስታወስኩ» አለች። «በጣም ያሳዝናል። ደግነቱ ያ ዘመን አለፈ።»

ጋሽ በላቸው በአማርኛ፣ ፊቱን ሳይቀይር፣ «አፍሽን ዝጊና ውጪ» አለኝ።

ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ። ታኮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አስመለሰኝ። በማግስቱ ወደ መጦሪያው ደወልኩ። አሁን መድኃኒት ነው የማድለው፤ ሰው አላነሳም። አረጋውያኑ ይተፉብኛል፣ ይሰድቡኛል፣ አንዳንዴም ይማታሉ። አንዳቸውም እንደ እሱ አላስጠሉኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እንደበዛለት ሰማሁ። ከሌሎች ስቴቶች ሳይቀር ደስ የማይል ጥግ ያለው ሥዕል ይልኩለት ነበር አሉ፤ የተሰቀለ ወንጀለኛ ያለበት፣ የሰመጠ ሰው ያለበት፣ ለማኝ ያለበት። ሁሉንም አጽድቶ ሰማዩን ብቻ ይመልስላቸዋል። በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። «እንዴት ነሽ ትርሲት?» ይለኛል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። እጁን ይዘረጋል። ያ ንጹሕ እጅ። ነጠላዬን አስተካክዬ አልፈዋለሁ።

ለቅሶው ላይ የሄድኩት ለሊዲያ ብዬ ነው። እናት የላትም፤ አሁን አባትም የላትም። ሜፕልዉድ ያለው አፓርትማ በሰው ተሞልቷል። አንድ ሽማግሌ፣ «ሥዕል ሲጠግን የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው» እያሉ ያወራሉ። ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ንፍሮ ቀረበልኝ፤ አልነካሁትም።

ሊዲያ አይታኝ መጣችና አቀፈችኝ። ትልቅ ሴት ሆናለች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል» አለችኝ። «አባዬ ሁልጊዜ፣ ከሠራተኞቼ ሁሉ ማየት የምትችለው ትርሲት ብቻ ነበረች ይል ነበር። አንድ ነገር ላሳይሽ?»

ስልኳን አወጣች። እነዚያ ባልና ሚስት የሐዘን መልእክት ልከውላት፣ የሥዕሉን ፎቶ አያይዘውበታል። ረጅም የምግብ ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ ከበላዩ ያ ሰማይ። አባትሽ ለቤታችን ሰላም ሰጠን ይላል መልእክቱ።

«ምርጥ ሥራው ነው አይደል? ለአርባው ትልቅ አድርጌ አሳትሜው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ልሰቅለው ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ ጥጉን በጣቴ አሰፋሁት። አሸዋው አለ። ዛጎሉ አለ። ባዶው ጀልባ አለ። ያን ዕለት በንዴት ጭጋግ ውስጥ ያላየሁትን ያየሁት አሁን ነው። ማዕበሉ መጥቶ የተመለሰበት የአሸዋው ጠርዝ እርጥብ ነው፤ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። በዚያ እርጥብ ላይ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች ተደርድረዋል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ወደ ታች ተገልብጠው። ሰዎቹን ፍቆ፣ ውኃው የያዘውን የእግራቸውን ጥላ ትቶታል።

አውቆ ነው የተወው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ልቡ ራርቶ ነው የሚል። እኔ አልልም። ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ አላየውም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሊዲያ፣ አንገቷን አስግጋ። «ሸምበቆ ነው?»

«አይደለም። እግር ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የማን እግር?» አለችኝ፤ ይህችን በአማርኛ።

ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌው ስለ ተባረከው እጅ ገና አልጨረሱም። ሊዲያን ክንዷን ይዤ መኝታ ቤት አስገባኋት፤ በሩን ዘጋሁና አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ከቅርጫቱ ጀምሬ ነገርኳት። እሱ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን፣ ሴትዮዋ የጠየቀችውን፣ እሱ የመለሰውን፤ ምንም አላስቀረሁም። አላለቀሰችም። ስጨርስ «እባክሽ ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ።

በአርባው ሥዕሉ አልተሰቀለም። ሊዲያ ስልኬን አታነሳም፤ አልፈርድባትም። እነዚያ ባልና ሚስት ግን ዛሬም ማታ ከእነዚያ እግሮች ሥር ተቀምጠው ራታቸውን ይበላሉ።